አሥር ጥይት፣ ዘጠኝ ቀዳዳ

ሚስ ዶሮቲን ለመንከባከብ በተቀጠርኩበት ቀን፣ ገና ኮቴን ሳላወልቅ ኮሪደሩ ላይ አስቁመው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወረቀት አሳዩኝ። ወረቀቱ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ ነው። ዕድሜው ብዙ ስለሆነ ቢጫ ሆኗል። መሀሉ ላይ ጥቁር ክብ አለ፤ ጥቁሩ ላይና ዙሪያው ደግሞ እርሳስ የምታሾልክ የምታህል ቀዳዳ እዚህም እዚያም ይታያል።

«ቁጠሪያቸው» አሉኝ።

ቆጠርኩ። ዘጠኝ ናቸው አልኳቸው።

«አሥር ናቸው» አሉና በምርኩዛቸው ጫፍ አንዷን ቀዳዳ ነካ አደረጉ። «በዚህችኛዋ ሁለት ጥይት አልፏል።»

እኔ ምን ቸገረኝ። አዎ፣ እውነትም አሥር ናቸው አልኩ። ሥራውን በጣም እፈልገው ስለነበር ሃያ ናቸው ቢሉኝም እስማማ ነበር።

እንግዲህ ያን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ጽጌ እባላለሁ፤ ያደግኩት ደሴ ነው። ዘመኑ በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ሲሆን ዕድሜዬ ሃያ ስምንት ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአክስቴ ልጅ ከሰናይት ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርተን እንኖራለን። ጠዋት ጠዋት ቀዩን ባቡር ይዤ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቢጫው እቀይርና አሌክሳንድሪያ እወርዳለሁ። የታወቅኩበት ጠባይ እሺ ማለት ነው። የኤጀንሲው ሱፐርቫይዘር የሌላ ሰው ሺፍት ሲጭንብኝ እሺ፤ ሰናይት የሷን ልብስ ላውንድሪ ውሰጅልኝ ስትለኝ እሺ። ያልገባኝን ነገር እንኳ «ገብቶሻል?» ሲሉኝ እሺ ነበር መልሴ።

ሚስ ዶሮቲ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነበር። አግብተው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የሂሳብ አስተማሪ ነበሩ። ጆሯቸው እንደ ጥንቸል ነው፤ ዓይናቸው ግን ከመሀሉ ጠፍቷል። ፊት ለፊት የሚያዩት ነገር የለም፤ ከዳር ከዳሩ ብቻ ይታያቸዋል። ስለዚህ ሲያዋሩኝ ሁልጊዜ ትከሻዬን የሚያዩ ይመስላሉ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እያልኩ ነበር የማዋራቸው፤ እዚህም እንደዚያው ልጻፈው።

የወረቀቱን ታሪክ ቤቱን የረገጠ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እኔም በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ጊዜ ሰማሁት። ሚስ ዶሮቲ የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ ሳሉ ዋሽንግተን ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች የጠመንጃ ተኩስ ቡድን አባል ነበሩ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ በስፖርት ባሕር ተሻግራ መወዳደር ቀርቶ ላብ ሲያልባት መታየቷም ነውር ነበር አሉኝ። የመርከቡንስ ወጪ ማን ይችለዋል? ታዲያ መላ ተገኘ። ውድድሩ በፖስታ ተደረገ። አሜሪካኖቹ እዚሁ፣ እንግሊዞቹም እዚያው በአገራቸው፣ ዳኛና ምስክር ባለበት በአንድ ሳምንት ውስጥ ይተኩሳሉ። ውጤቱን በቴሌግራም ይለዋወጣሉ፤ የተተኮሰበት ወረቀት ደግሞ በመርከብ ሄዶ ይመረመራል። እያንዳንዷ ተኳሽ አሥር ጥይት ይሰጣታል። አንዱ ጥይት ቢበዛ አሥር ነጥብ ያስገኛል።

የአሜሪካኖቹ ቡድን በስድስት ነጥብ ተሸነፈ። የዶሮቲ ወረቀት ላይ የተገኘው ዘጠኝ ቀዳዳ ብቻ ነበር። ዳኛው አንዱ ጥይት ስቷል ብለው ዜሮ ጻፉበት። ዶሮቲ ሁለቱ በአንድ ቀዳዳ ነው ያለፉት ብለው ተከራከሩ፤ አሰልጣኛቸውም ተከራከሩላቸው፤ የሰማቸው የለም። እንግሊዞቹ ልጆች ለያንዳንዳቸው አንድ የብር ማንኪያ ተሸለሙ። ከተሸለሙት አንዷ ዊኒፍሬድ የምትባል፣ የዶሮቲ እኩያ ናት። አንጀቷ አልችል ብሎ ደብዳቤ ጻፈች፦ እኔ አምንሻለሁ፣ አሥር ነው ብላ።

ከዚያ ደብዳቤ የጀመረው ወዳጅነት ሰባ ዓመት ቆየ። አንድ ቀን ሳይገናኙ። ዊኒፍሬድ አግብታ፣ ወልዳ፣ ባሏን ቀብራ ስትጽፍ፣ ዶሮቲም ከዚህ ሲጽፉ ኖሩ። የሚስ ዶሮቲ ዓይን ከደከመ በኋላ ደብዳቤዎቹን የማነበው፣ መልሱንም እየነገሩኝ የምጽፈው እኔ ሆንኩ። የሁለት አሮጊቶችን ሐሜት እያነበብኩ እንግሊዝኛዬ ተሻሻለ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ደብዳቤ መጣ። ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። ዊኒፍሬድ ልትመጣ ነው። ዶክተሯ አውሮፕላን አትሳፈሪ ብሏት፣ ዶክተር ቀይራለች። «ያንቺን ማንኪያ ሰባ ዓመት አስቀምጬልሻለሁ፤ ሳልሞት በእጅሽ ላስረክብሽ» ይላል።

ይደሰታሉ ብዬ ቀና ብል ሚስ ዶሮቲ አመድ መስለዋል።

ያንኑ ቀን መልስ አስጻፉኝ፤ አትምጪ፣ ዕድሜሽን አስቢ የሚል። በሳምንቱ ሌላ አስጻፉኝ። ዊኒፍሬድ ግን ትኬቷን ቆርጣለች። በዚህ ላይ የሚስ ዶሮቲ የወንድም ልጅ ፒተር ነገሩን ሰማ። ፒተር ስፕሪንግፊልድ የሚኖር፣ ደግና ችኩል ሰው ነው፤ ነገር ማሳመር ይወዳል። ከቤቱ ብዙ የማይርቅ የተኩስ ክለብ አነጋገረ። የክለቡ ኃላፊ ሚስተር ሃል የሚባሉ፣ ጡረታ የወጡ የጥይት ምርመራ ባለሙያ ናቸው። ያቺን ቀዳዳ በማጉያ መሣሪያ መርምረው ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሰው ፊት ውጤቱን ሊናገሩ፣ ዊኒፍሬድም ማንኪያውን ልታስረክብ፣ ከሰፈሩ ሳምንታዊ ጋዜጣ አንድ ሰው መጥቶ ፎቶ ሊያነሳ ተወሰነ። ፒተር ክፈፉን ከግድግዳው አውርዶ ይዞ ሄደ። ሚስ ዶሮቲ ባዶውን ግድግዳ በዓይናቸው ዳር እያዩ ቆሙ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለነገው የሚለብሱትን ሳዘጋጅ ፒተር ስልክ ደወለና የድሮውን የቡድኑን ሹራብ ብትለብስ ለፎቶ ያምራል አለኝ። ሹራቡ አልጋቸው ሥር ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ እንደሚገኝ አውቃለሁ። ሚስ ዶሮቲ ሳሎን ተኝተዋል። ሳጥኑን ጎትቼ ከፈትኩት። የብል መድኃኒት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሹራቡን አውጥቼ ሳራግፈው ከኪሱ የተጠቀለለ መሀረብ ወደቀ፤ ወለሉ ላይ ሲያርፍ ቀጭ አለ።

ፈታሁት። ትንሽ ጥይት ናት፤ ከጣቴ አንጓ አትበልጥም። ባዶ ቀለህ አይደለችም። እርሳሷ እንዳለ አናቷ ላይ ተቀምጧል።

በልጅነቴ ደሴ ውስጥ ተኩስ ሲሰማ የኔ ቦታ አልጋ ሥር ነበር። ዕድሜ ልኬን ጥይት በእጄ ይዤ አላውቅም። እንደ ጊንጥ በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ቀና ስል ሚስ ዶሮቲ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ምን ወደቀ?» አሉኝ።

ጆሯቸው እንደ ጥንቸል ነው ብያችኋለሁ። ነገርኳቸው።

አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። በአውራ ጣታቸው የጥይቷን ቂጥ ዳሰሱ። «እዚህ ጋ የሰረጎደ ነገር አለ፤ ይታይሻል?» አሉ። ይታያል አልኩ። «የጠመንጃው መምቻ መትቶታል። ግን ከሸፈ።»

ከዚያ በዚያች በዝግታ በምትሄድ የአስተማሪ ድምፃቸው ለማንም ያልነገሩትን ነገሩኝ። አሥረኛው ጥይት ነበር። ምላጩን ሲስቡት ቀጭ አለና ቀረ። ሌሎቹ ልጆች በዙሪያቸው እየተኮሱ ስለነበር ማንም አልሰማም። ደንቡ ቀላል ነው፦ ጥይት የከሸፈባት ልጅ እጇን ታነሳለች፣ ዳኛው መጥቶ ያያል፣ ሌላ ጥይት ይሰጣታል። ያ ብቻ ነው። ግን እጃቸውን ቢያነሱ የሁሉም ተኩስ ይቆማል፤ አዳራሹ ሙሉ ሰው ወደሳቸው ይዞራል፤ ያቺን አንዲት ጥይት ብቻቸውን፣ ሁሉም እያየ መተኮስ ሊኖርባቸው ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥይቷን አውጥተው ኪሳቸው ከተቱና ጨርሻለሁ አሉ።

«ዳኛው ዘጠኝ ሲል ሁለቱ በአንድ ነው ያለፉት አልኩ» አሉኝ። «ለዚያች ደቂቃ ብቻ ነበር ያልኩት። ከዚያ ሌሎቹ አመኑኝ።»

ከአልጋው ላይ መሀረቡን አንስተው ጥይቷን ጠቀለሉና እጄ ላይ አስቀመጡት። ባቡርሽ በወንዙ ላይ አይደል የሚያልፈው፣ ወደ ቤትሽ ስትሄጂ ፖቶማክ ውስጥ ጣይልኝ አሉኝ። የኔ መልስ ያው የታወቀው ነው። እሺ አልኩ።

የዚያን ቀን የባቡር ጉዞዬን አልረሳውም። ቦርሳዬን በሁለት እጄ አቅፌ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ፖሊስ መሰለኝ። ክሪስታል ሲቲ ላይ ክራባት ያሰሩ ሠራተኞች ግር ብለው ሲገቡ ያልበኝ ጀመር። ቀጥሎ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ጥይት ይዤ በፔንታገን ሥር ማለፌ ትዝ አለኝና የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገምኩ። በመጨረሻ ባቡሩ ወደ ብርሃን ወጣና ድልድዩ ላይ ደረሰ። ወንዙ ከታች ያብረቀርቃል። ለመወርወር ብድግ አልኩ።

ለካ የባቡሩ መስኮት አይከፈትም። ስንት ወር ስመላለስ ልብ ብዬው አላውቅም።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ። ደሴ ያለው አባቴ ነርሲንግ እየተማርኩ እንደሆነ ያምናል። ተመዝግቤ ነበር እኮ፤ ሦስት ሳምንት ተማርኩ። መምህሯ በፍጥነት ታወራለች፣ የሰውነት ክፍሎችን ስም ትዘረግፈዋለች፣ ሌሎቹ ሁሉ ይጽፋሉ። እኔ አልገባኝም ብዬ እጄን ማንሳት አቃተኝ። በአራተኛው ሳምንት ቀረሁ። አባቴ በስልክ ትምህርት እንዴት ነው ሲለኝ ጥሩ ነው አልኩ። ለዚያች ደቂቃ ብቻ ነበር ያልኩት። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ በየወሩ አዲስ ፈተና አልፋለሁ፣ አዲስ ውጤት እፈጥራለሁ።

ቤት ስደርስ ለሰናይት አሳየኋት። ከነነፍሷ ናት ወይ ብላ ሶፋው ላይ ወጣች። ቤት ውስጥ አላሳድራትም ብላ በረንዳ ላይ ባለው የአበባ ማሰሮ ውስጥ አስቀመጥናት። ነገ ስላይጎ ክሪክ፣ ወንዙ ድረስ ሄደሽ ጣያት፣ ምን ቸገረሽ፣ የታዘዝሽውን ፈጽሚ አለችኝ። ልክ ነበረች። ግን ጠዋት ስወጣ ጥይቷን ከአፈሩ አውጥቼ፣ አራግፌ፣ ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኳት።

ሚስ ዶሮቲ ሹራባቸውን ለብሰው ጠበቁኝ። ጸጉራቸውን ሳበጥርላቸው ጣልሽልኝ ወይ አሉኝ።

«አልጣልኩም።»

«ለምን?»

የባቡሩ መስኮት አይከፈትም አልኩ። እኔም እዚያው ላይ ባቆመው ደግ ነበር፤ ግን ማበጠሪያውን ይዤ ቆሜ ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ። «ሚስ ዶሮቲ፣ ወንዙ ከቤትዎ አሥር ደቂቃ መንገድ ነው። መጣል ቢፈልጉ ኖሮ በሰባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ይጥሏት ነበር።»

እንዲህ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የራሴ ድምፅ ራሴን አስደነገጠኝ። ሚስ ዶሮቲ ፊታቸው ቀላ።

«የመጣሽው ጸጉር ለማበጠር ነው» አሉ። «ሰኞ ለኤጀንሲው ደውዬ ሌላ ሰው እንዲልኩልኝ አደርጋለሁ።»

እሺ አልኩ። ጸጉራቸውን አበጥሬ ጨረስኩ። በሆዴ የሰኞውን ሥራ ፍለጋ ጀምሬያለሁ። ፒተር በመኪና መጥቶ ሲወስደን ብቻውን ለሦስታችን ያወራ ነበር።

ክለቡ ምድር ቤት ነው። ረጅም ክፍል ሆኖ በአንዱ ጫፍ ጠረጴዛዎች አሉ፣ በሌላኛው ጫፍ ወረቀት ይሰቀላል። ሠላሳ የሚያህል ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ያ የማውቀው ክፈፍ ተከፍቶ ወረቀቱ ወጥቷል። አጠገቡ አጭር፣ ደንዳና፣ ነጭ የስፖርት ጫማ ያደረጉ አሮጊት ቆመዋል። ከሐሙስ ጀምሮ ክሪስታል ሲቲ ሆቴል አርፈው ድካማቸውን ሲያወጡ የሰነበቱት ሚስስ ዊኒፍሬድ ናቸው፤ በወረቀት አንቺ ያልኳቸው በአካል ሳያቸው አንቱ ሆኑብኝ።

ፒተር አክስቱን ክንዳቸውን ይዞ ወሰዳቸው። ሁለቱ አሮጊቶች አንድ እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ። ሰባ ዓመት ሙሉ ሲጻጻፉ የኖሩ ሰዎች ምን ይባባላሉ ብዬ አንገቴን አሰገግኩ።

«በፎቶው ላይ አፍንጫሽ ያነሰ ነበር» አሉ ዊኒፍሬድ።

«እኔ እንዳለመታደል ሆኖ አላይሽም» አሉ ዶሮቲ። «ግን ድምፅሽ ልክ እንደ ጽሕፈትሽ ነው።» ተቃቀፉ። ጋዜጠኛው ፎቶ አነሳ። ሚስ ዶሮቲ በዊኒፍሬድ ትከሻ ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ደስታ ነው ብሎ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ብቻ ነበርኩ ሌላውን የማውቀው።

ሚስተር ሃል ተነሱ። ረጋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ሁለት ቀን ሙሉ እንደመረመሩት ተናገሩ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ለኩ፤ ስምንቱ ክብ ናቸው። አንዷ ግን ወደ አንድ ጎን ሞላላ ናት፤ ጠርዟም ሁለት ጊዜ የተቀደደ ይመስላል። እንደዚህ ያለ ነገር በሥራ ዘመናቸው አይተዋል።

«እንደኔ ሙያ ከሆነ» አሉ፣ «በዚህች ቀዳዳ ሁለት ጥይት አልፏል።»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። ፒተር እንባው መጣ። ባለሙያው፣ ያውም በማጉያ መሣሪያ፣ ውሸቱን እውነት አደረጉት። አለቀ። አሁን ማንም ምንም ማለት አያስፈልገውም። ዊኒፍሬድ ቦርሳቸውን ከፍተው በጨርቅ የተጠቀለለችውን ማንኪያ አወጡና ወደ ሚስ ዶሮቲ ዘረጉ። እኔም እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ይውሰዱትና እንገላገል አልኩ በሆዴ።

ሚስ ዶሮቲ ማንኪያውን አልተቀበሉም። ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው ከፍ አደረጉ። ከትከሻቸው በላይ፣ ክንዳቸው ተዘርግቶ፣ ልክ እንደ ተማሪ።

ሰው መጀመሪያ አልገባውም። ሰላምታ መስሎት አንዳንዱ እጁን አወዛወዘላቸው። እሳቸው ግን አላወረዱትም። ጭብጨባው እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

«ዳኛ» አሉ ወደ ሚስተር ሃል ድምፅ ዞረው። «ጥይቴ ከሽፎብኛል።»

ከዚያ ግራ እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ። ቦርሳዬን ለመክፈት ስንት ጊዜ እንደፈጀብኝ አትጠይቁኝ። ተነስቼ ሄጄ መሀረቡን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ለሚስተር ሃል ሰጧቸው። ሚስተር ሃል መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው የጥይቷን ቂጥ ለረጅም ጊዜ አዩ። ሚስ ዶሮቲ ቆመው፣ ሳያሳምሩ፣ ለኔ የነገሩኝን ሁሉ ለሠላሳ ሰው ነገሩ። ጨርሻለሁ ማለታቸውን። የቡድን ጓደኞቻቸው እሳቸውን አምነው ዳኛውን እስከ ሞታቸው መርገማቸውን። አሥረኛው ተተኩሶ ቢሆን ኖሮ ቡድናቸው ሊያሸንፍ ይችል እንደነበር።

ፒተር አክስቴ ደክሟታል ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ሁሉም የሚያየው ዊኒፍሬድን ነበር። አሮጊቷ ማንኪያውን እንደያዙ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ግድግዳው ዞረዋል።

«በዚህ ማንኪያ አንድ ቀን በልቼበት አላውቅም» አሉ ሳይዞሩ። «የሰረቅኩት ይመስለኝ ነበር።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ዊኒ።»

እኔ ሚስ ዶሮቲን ክንዳቸውን ያዝኩ። ሰባ ዓመት የቆየ ወዳጅነት በዚች ደቂቃ ሊበጠስ ነው፣ ያውም በኔ ምክንያት ብዬ አሰብኩ። ምናለ የባቡሩ መስኮት በተከፈተ ኖሮ፣ ምናለ በሰናይት ምክር ወንዝ በፈለግኩ ኖሮ።

ከዚያ ዊኒፍሬድ ዞሩ። ያዩት ግን ወዳጃቸውን ሳይሆን ሚስተር ሃልን ነው።

«ጥይት ለከሸፈባት ሰው ደንቡ ምን ይላል?»

«ሌላ ጥይት ይሰጣታል» አሉ ሚስተር ሃል።

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

የሆነውን ለመግለጽ ይከብደኛል። ወንበሮች ተገፉ። አንዱ አዲስ ወረቀት ሊሰቅል ሮጠ። ሚስተር ሃል አንድ ቀላል ጠመንጃ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ በአሸዋ ከረጢት አስደገፉት፤ የሁላችንንም ጆሮ በመከላከያ ሸፈኑ። ሚስ ዶሮቲ ተቀመጡ። ሰደፉን ትከሻቸው ላይ ሲያደርጉ ጀርባቸው እንዴት ቀጥ እንዳለ ብታዩ። እኔን ከኋላቸው አቆሙኝ፤ ትከሻዬን ያዢልኝ አሉ።

«ነጩን ወረቀት ከዳር ከዳሩ አየዋለሁ» አሉኝ። «ጥቁሩ መሀል ላይ ነው?»

ጆሯቸው ስለተሸፈነ ጮክ ብዬ መሀል ላይ ነው አልኩ።

ትንፋሻቸውን ሳቡ፣ ግማሹን አስወጡ፣ ያዙት። በመዳፌ ሥር ትከሻቸው ድንጋይ ሆነ። ያ የድሮው መንቀጥቀጥ የለም። ተኩሱ ጧ አለ፤ በጣም ትንሽ ድምፅ ነበር፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኩስ ሰምቼ ያልሮጥኩበት።

ወረቀቱ መጣ። ከጥቁሩ ውጪ፣ በስተቀኝ ወደ ታች፣ አንድ ቀዳዳ። ሚስተር ሃል መለኪያቸውን አደረጉበት።

«አራት» አሉ።

ዊኒፍሬድ በጣታቸው ቆጠሩ። «በስድስት ነበር ያሸነፍናችሁ። አሁን በሁለት ነው።» ማንኪያውን በጨርቁ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ መልሰው ከተቱና ዚፑን ዘጉ። «እንግዲህ የኔ ነው።»

ሚስ ዶሮቲ ሳቁ። የሳቁት ከሆድ ነው፤ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። «ተሸነፍኩ» አሉ። «አሁን በትክክል ተሸነፍኩ።» ዊኒፍሬድ ሄደው ከነጠመንጃው አቀፏቸው። ሚስተር ሃል አሥር ጊዜ ጠመንጃውን፣ ጠመንጃውን ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ሚስ ዶሮቲን ከመኪናው አውርጄ ምርኩዛቸውን ሳቀብላቸው ሰኞ ስንት ሰዓት ትመጫለሽ አሉኝ። አባረውኝ የለም ወይ አልኩ። እንደዚያ ማለቴን ፈጽሞ አላስታውስም አሉኝ። በዘጠና አንድ ዓመት መርሳት ይፈቀዳል፤ አልተከራከርኩም። ግድግዳው ላይ ፒተር አሮጌውን ወረቀት መልሶ ሊሰቅል ሲል ግን ከለከሉት። የአራቷን ወረቀት ስቀልልኝ አሉ።

በማግስቱ እሑድ የስልክ ካርድ ገዝቼ ደሴ ደወልኩ። አባቴ የዘወትር ጥያቄውን ጠየቀኝ። ትምህርት ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ አልኩት።

«እኔ እኮ» አለ፣ «ለእድሩ ሰው ዶክተር ሆናለች ብያለሁ። እንግዲህ ከሁለታችን የኔ ይብሳል።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ የካርዱ ግማሽ በሳቅ አለቀ። ከዚያ ምኑ ነው የከበደሽ ብሎ ጠየቀኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ለማንም አልተናገርኩማ። እንግሊዝኛውን፣ ፍርሃቱን፣ መምህሯን ሁሉ ነገርኩት። ስጨርስ፣ ታዲያ ጠይቂያት እንጂ፣ ብትቆጣሽስ ጩኸቷ ደሴ ድረስ ይሰማል እንዴ አለኝ።

በጥር ተመልሼ ተመዘገብኩ። በመጀመሪያው ቀን አልገባኝም ብዬ ጠየቅኩ። መምህሯ መልሳ አስረዳችኝ፤ አሁንም አልገባኝም። ሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኩ። ይህን ሁሉ አልፌ ነርስ ሆንኩ እንዳትሉ፤ አልሆንኩም። ደም ማየት እወዳለሁ፣ ግን በብልቃጥ ውስጥ። በላቦራቶሪ ተመረቅኩና ዊተን አካባቢ ተቀጠርኩ፤ እስከ ዛሬም የምተዳደረው በዚሁ ሙያ ነው። ሚስ ዶሮቲ ምርቃቴን አላዩም። ያለፉት ከተመረቅኩበት ስድስት ወር ቀደም ብለው ነው፣ በእንቅልፍ ላይ። ዜናውን ለዊኒፍሬድ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸውም እስኪሞቱ ድረስ ለኔ ይጽፉልኝ ነበር።

ሰናይት ይህን ታሪክ በተነሳ ቁጥር ከኔ ጋር ትጣላለች። ባለሙያው ራሱ ሁለት ነው ብሎ መሰከረላት፣ ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር ትላለች። ከእናንተም ውስጥ እንደሷ የምታስቡ ትኖሩ ይሆናል፤ እኔም በዚያች ደቂቃ እንደዚያው ነበር ያሰብኩት። ግን እኔ ከኋላቸው ቆሜ ትከሻቸውን ይዤ ነበር። ሲቀመጡ የነበረውንና ሲነሱ የነበረውን ትከሻ አውቃለሁ። ይህን በቃል ለሰናይት ማስረዳት አልቻልኩም፤ እናንተን ማስረዳት ከቻልኩ ደስ ይለኛል። ሌላው የማውቀው ነገር፣ ያቺ እሺ ባይዋ ልጅ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ሱፐርቫይዘሬ በሰኞው የሌላ ሰው ሺፍት ሲሰጠኝ አልችልም ስለው ስልኩን ከጆሮው አርቆ ያየው ይመስለኛል።

ከዓመታት በኋላ ደሴ ሄድኩ። አባቴ ሊያስጎበኘኝ ይዞኝ ወጣ። መንገድ ላይ ያገኘነውን ሁሉ ያስቆማል፤ የእድሩን ዳኛ፣ ባለሱቁን፣ የማያውቀኝን የታክሲ ረዳት ሳይቀር።

«ልጄ ናት፣ ከአሜሪካ ነው የመጣችው» ይላል ደረቱን ነፍቶ። «ዶክተር አይደለችም። ነርስም አይደለችም።»

በሦስተኛው ሰው ላይ፣ አባዬ ማንም ሳይጠይቅህ እንዲህ አትበል እንጂ አልኩት። ግን ማን ይሰማኛል፤ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ሰው አይቶ እጁን ያወዛውዛል።